መጋዜ ዘይት አልተፋም ያለ ዕለት

እስቲ ጠጋ በሉ። ዛሬ የምነግራችሁ በሌላ ሰው ላይ ሳይሆን በራሴ በፈንታ ላይ የደረሰ ነው፤ ስለዚህ እንደ ልባችሁ ሳቁ። ሚስቴ ይርገዱ ይህን ወሬ ገና አፌን ስከፍት ነው መሳቅ የምትጀምረው። እናንተ ግን ቢያንስ መጋዙ እስኪነሳ ድረስ ታገሡኝ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ኩባያ ወተት ነው።

ጎረቤታችን አያ ገድፍ ያን ሰሞን ታመው ተኝተው ነበር። ምች ይሁን እርጅና ማንም አላወቀም፤ ብቻ እህል አልቀምስ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሰነበቱ። ሚስታቸው እትዬ አንጓች አጥሚት ሠሩላቸው፤ እንቢ። የዶሮ መረቅ አመጡላቸው፤ እንቢ። የጤና ጣቢያው ሰው መጥቶ መርፌ ወጋቸውና «በሽታው ለቋቸዋል፤ አሁን የሚያስፈልጋቸው ምግብ ነው» ብሎ ሄደ። እሳቸው ግን ያው እንቢ። እትዬ አንጓች በሰው ፊት አያለቅሱም እንጂ ዓይናቸው ጎድጉዶ ነበር።

ታዲያ አንድ የግንቦት ጠዋት፣ ሌሊቱን ነፋስና ዝናብ ሲደበድበን ካደረ በኋላ፣ አያ ገድፍ ዓይናቸውን ገለጡና፣

«አንጓች» አሉ።

«አቤት።»

«ወተት አማረኝ። ትኩስ፣ አሁን የታለበ።»

እትዬ አንጓች እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ማለቢያቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ሮጡ። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነው፤ ጾም የለም። ላሟ ደጅ ቆማለች፤ ጡቷ ተወጥሯል። ምን ጎደለ?

ጥጃዋ ጎደለች።

የእትዬ አንጓች ላም የሐበሻ ላም ናት። ጥጃዋ መጥታ ጡቷን ካልገፋችላት ጠብታ አትሰጥም። እትዬ አንጓች ለመኗት፣ አሻሿት፣ ጨው አስላሷት፤ ላሟ ወደ ጥጃ ቤቱ እያየች እምቧ ከማለት በቀር ያደረገችው ነገር የለም። ጥጃዋ ደግሞ ሌሊት እንዳትጠባ ለብቻዋ የምታድርባት፣ በድንጋይ የተካበች ትንሽ ቤት አለቻት። ሌሊት ነፋሱ የጣለው ሽማግሌ ባሕር ዛፍ የዚያችን ቤት በር ዘግቶ ተጋድሟል። ጫፉ ጣሪያው ላይ ወድቋል፤ ወገቡ በሩ ላይ ተኝቷል። ከውስጥ ጥጃዋ ትጮሃለች።

እትዬ አንጓች ባዶ ማለቢያቸውን ይዘው ተመለሱ።

«ወተቱስ?» አሉ አያ ገድፍ ከመኝታቸው። ድምፃቸው የሚሰማው በግድ ነበር።

«ግንድ ወድቆብናል» አሉ እትዬ አንጓች። «ግንዱ ካልተነሳ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ጥጃዋ አትወጣም፤ ጥጃዋ ካልወጣች ላሟ አትታለብም፤ ላሟ ካልታለበች እርስዎ ወተት አይጠጡም።»

አያ ገድፍ ተነፈሱና ፊታቸውን እንደገና ወደ ግድግዳ ሊያዞሩ ሲሉ እትዬ አንጓች ደነገጡ። «ትንሽ ይጠብቁኝ! አሁን ሰው እጠራለሁ!» ብለው ወጡ።

ሰው ተሰበሰበ። መጀመሪያ የደረሰው ወፍጮ ቤት የሚሠራው አያልነህ ነው፤ መጥረቢያውን በትከሻው ይዞ። አያልነህ ጉልበታም ነው፤ ጉልበቱን ደግሞ ለማሳየት አይሰንፍም። እጁ ላይ እንትፍ አለና ግንዱን አንድ ጊዜ ቢመታው ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። አቧራ ረገፈ። የበሩ አግዳሚ እንጨት ቋ ብሎ ተሰነጠቀ፤ ጥጃዋም ከውስጥ ክፉኛ ጮኸች።

እትዬ አንጓች ክንዱን ይዘው፣ «ተው! ጥጃዬን በቁሟ ልትቀብርብኝ ነው?» አሉት።

«እንግዲያው ግድግዳውን እናፍርሰው።»

«ጣሪያው በምን ሊቆም?»

ሁሉም ዝም አለ። እኔም ዝም ብል ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ባልኖረ። ግን ዝም ማለት አልችልበትም።

«ይህ የመጥረቢያ ሥራ አይደለም» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «የመጋዝ ሥራ ነው። በሞተር መጋዝ ከሆነ ግንዱ ሳይነቃነቅ እንደ ሳሙና ይቆረጣል። እኔ እያለሁ ምን ያስጨንቃችኋል?»

በመንደራችን ደህና የሞተር መጋዝ ያለው ሰው ያን ጊዜ ለሥራ ቻግኒ ሄዷል። የቀረው የእኔ ነው። የእኔን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ፤ ከአጎቴ የወረስኩት ነው። ቀለሙ ለቋል፣ የፋብሪካው ስም ተፍቋል፣ እጀታው በአሮጌ የመኪና ጎማ ከመንዳሪ ተጠፍሯል። ይርገዱ «የፈንታ ሁለተኛ ሚስት» ትለዋለች። «ከእኔ ይልቅ እሱን ያየዋል፤ እሱም እንደ እኔ አይታዘዝለትም» ትላለች።

እትዬ አንጓች ወደ ቤት ገብተው ለባላቸው ነገሯቸው፤ «ፈንታ መጋዙን ሊያመጣ ነው። መጋዙ ካልቆረጠ ግንዱ አይነሳም፤ ግንዱ ካልተነሳ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ጥጃዋ አትወጣም፤ ጥጃዋ ካልወጣች ላሟ አትታለብም፤ ላሟ ካልታለበች እርስዎ ወተት አይጠጡም።»

«ፈንታ?» አሉ አያ ገድፍ። «እንግዲያው ዛሬ አልጠጣም ማለት ነዋ።»

ይህን በጆሮዬ ሰማሁት። ጥርሴን ነክሼ መጋዙን አመጣሁ።

ግንዱ እንዳይንሸራተት ከግራና ከቀኝ በወፍራም እንጨት ደገፍነው። ሰው ሁሉ እንዲርቅ አዘዝኩ። እግሬን ተክዬ የሞተሩን ገመድ ሳብኩ። ዝም። ደግሜ ሳብኩ። ዝም። ላብ እስኪያጠምቀኝ ሳብኩ። ዝም።

«ማብሪያውን አብራዋ!» አለች ይርገዱ ከኋላ።

አበራሁት። አንዴ ብስበው ተነሳ። ሰው ሲስቅ እኔ በሞተሩ ጩኸት ያልሰማሁ መሰልኩ።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር፤ ፍቅፋቂው እንደ በሶ ተበተነ። ቀጥሎ ጭስ መጣ። «እየተቃጠለ ነው!» አለ አያልነህ። «የጉልበቱ ጭስ ነው» አልኩት። ጭሱ እየወፈረ ሄደ፤ መጋዙ ማቃሰት ጀመረ፤ በመጨረሻ ሰንሰለቱ ግንዱ ውስጥ እንደ ተወሸቀ ቀጥ አለ። እንደ ምንም ነቅዬ አወጣሁትና እንደ ሐኪም ልመረምረው ሰንሰለቱን በጣቴ ነካሁት። ጣቴን እስከ ማታ አፌ ውስጥ ነው ያዋልኩት።

አሁን ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ላስረዳ። የሞተር መጋዝ ሰንሰለት በአንድ ረጅም ብረት ዙሪያ ይሮጣል፤ ያንን ብረት እኛ ምላስ እንለዋለን። መጋዙ ሆድ ውስጥ ትንሽ የዘይት ቋት አለ። ሞተሩ ሲሠራ ከቋቱ ዘይት እየወጣ ምላሱንም ሰንሰለቱንም ያርሳል። ዘይት ከሌለ ሰንሰለቱ ይግላል፣ ይጨሳል፣ ይነክሳል፤ መቁረጥ ብቻ ይተዋል።

ዘይት መውጣቱን የምናይበት ዘዴ አለን። ይርገዱ አንድ ነጭ የዱቄት ማዳበሪያ አጥሩ ላይ ሰቀለችልኝ። የምላሱን ጫፍ ወደ ማዳበሪያው ጠጋ አድርጌ ሞተሩን አስጮህኩት። ዘይት የሚወጣ ቢሆን ማዳበሪያው ላይ መስመር ይሠራ ነበር። አልሠራም። ማዳበሪያው ነጭ ነው።

የቋቱን ክዳን ከፍቼ አየሁ። እስከ አፉ ሙሉ ነው።

«ዘይቱማ ሞልቷል!» አልኩ በኩራት፤ አንዲት ጠብታም እንዳትባክን ክዳኑን ባለ በሌለ ኃይሌ አጠበቅኩት።

«ሙሉ ከሆነ ለምን አይወጣም?» አለች ይርገዱ።

«እሱን ነው የማጠናው።»

«ወተቱስ?» የሚል ድምፅ ከቤት መጣ። ከቅድሙ ትንሽ ጠንከር ብሏል።

«ሰንሰለቱ ደርቋል!» አሉ እትዬ አንጓች ከደጅ ሆነው። «ሰንሰለቱ ካልረጠበ መጋዙ አይቆርጥም፤ መጋዙ ካልቆረጠ ግንዱ አይነሳም፤ ግንዱ ካልተነሳ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ጥጃዋ አትወጣም፤ ጥጃዋ ካልወጣች ላሟ አትታለብም፤ ላሟ ካልታለበች እርስዎ ወተት አይጠጡም!»

ሞተሩን አጥፍቼ ምላሱን ፈታሁት። ሰንሰለቱ የሚሮጥበት ቦይ በፍቅፋቂና በአሮጌ ዘይት ተደፍኖ እንደ ቂጣ ደርቋል። ዘይት የሚገባባት ቀዳዳማ የት እንዳለች እንኳ አትታይም። ደስ አለኝ። «አገኘሁት! በሽታው ይሄ ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ አያልነህ እንኳ መጥረቢያውን አስቀመጠ። ይርገዱ ስፌት የምትሰፋበትን ወስፌ ሰጠችኝ። «ብትሰብረው ወዮልህ» አለችኝ። ቦዩን ፋቅኩ፣ ቀዳዳዋን ወጋሁ፣ በአፌ እፍ አልኩባት፤ ቆሻሻው ዓይኔ ውስጥ ገባ። በአንድ ዓይኔ እያየሁ ሁሉንም መልሼ ገጠምኩት።

አስነሳሁ። ማዳበሪያውን ለማየት እንኳ ትዕግሥት አላገኘሁም፤ ቀጥታ ወደ ግንዱ። መጋዙ ይጮሃል፣ ሰንሰለቱ ይሮጣል፣ ግንዱ ግን ምንም አልሆነም። ተጫንኩት። ግንዱ ማብረቅረቅ ጀመረ።

አያልነህ አንገቱን አስግጎ አየና፣ «እየላጨኸው ነው እንዴ?» አለኝ።

ሰንሰለቱን ገልብጬ ነው የገጠምኩት። ጥርሶቹ ወደ ኋላ ዞረዋል።

ከቤቱ ውስጥ ልክ እንደ ሳል ያለ ድምፅ ሰማን። እትዬ አንጓች ደንግጠው ገቡ። ሳል አልነበረም። አያ ገድፍ በትራሳቸው ተደግፈው ቁጭ ብለው እየሳቁ ነው። «ገልብጦ ገጠመው? ገልብጦ?» እያሉ ይደጋግማሉ። ታመው ከተኙ ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው። እኔ ደጅ ሆኜ ይህን ስሰማ ልደሰት ወይስ ልናደድ አላወቅኩም።

ሰንሰለቱን አዙሬ ገጠምኩ፤ ማዳበሪያው ላይ አስጮህኩት። ማዳበሪያው ነጭ ነው።

አሁን ሌላ ዘዴ ሞከርኩ። ምላሱንና ሰንሰለቱን ሙሉ በሙሉ ፈትቼ አውጥቼ፣ ሞተሩን ብቻውን አስነስቼ፣ ዘይቱ ከመጋዙ ገላ የሚወጣባትን ቀዳዳ ተመለከትኩ። ደረቅ። እንኳን ዘይት፣ ላብ እንኳ የለባትም። ጥፋቱ ከምላሱ አይደለም ማለት ነው፤ ከውስጥ ነው።

«ፓምፑ ሞቷል» አለ አያልነህ። «ነገ እንጅባራ ወርደህ ሌላ ትገዛለህ። ዛሬ እሑድ ነው፤ ሱቁ ዝግ ነው።»

«ነገ?» አሉ እትዬ አንጓች። ድምፃቸው ተሰበረ። «ይህቺ ጥጃ እስከ ነገ ያለ ወተት ትቆያለች? ገድፍስ ነገም ወተት ያምራቸዋል?»

በተራራው ላይ ጥቁር ደመና እየተከመረ ነበር። ዝናብ ከመጣና ነፋሱ ግንዱን አንድ ጊዜ ቢገፋው ጣሪያው እንደሚገባ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«ወተቱስ?»

እትዬ አንጓች መናገር ስላቃታቸው ይርገዱ በእሳቸው ምትክ መለሰች፤ «አያ ገድፍ፣ ፓምፑ እንቢ ብሏል! ፓምፑ ካልገፋ ምላሱ ዘይት አያገኝም፤ ምላሱ ዘይት ካላገኘ ሰንሰለቱ አይረጥብም፤ ሰንሰለቱ ካልረጠበ መጋዙ አይቆርጥም፤ መጋዙ ካልቆረጠ ግንዱ አይነሳም፤ ግንዱ ካልተነሳ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ጥጃዋ አትወጣም፤ ጥጃዋ ካልወጣች ላሟ አትታለብም፤ ላሟ ካልታለበች እርስዎ ወተት አይጠጡም!»

«ፈንታስ ምን እያደረገ ነው?»

«እያሰበ ነው።»

«በሉ አስቁሙት!»

ማሰቤን አቆምኩና መሥራት ጀመርኩ። ፓምፑን ከመፍታቴ በፊት ወደ ፓምፑ የሚሄደውን መንገድ ላየው ብዬ ዘይቱን በቆርቆሮ ገለበጥኩ። ቋቱ ውስጥ ትንሽ ፊልትሮ አለች፤ በቀጭን ጎማ ጫፍ ላይ ተሰክታ ዘይቱን አጣርታ ለፓምፑ የምታሳልፍ። በሽቦ ጎትቼ ሳወጣት ፊልትሮ አትመስልም፤ ዝፍት ውስጥ የወደቀች አይጥ ነው የምትመስለው። በቤንዚን አጠብኳት። ጎማው ተደፍኖ እንደሆነ ለማየት በአፌ መጠጥኩት። አልተደፈነም። አለመደፈኑን ያወቅኩት አፌ ሙሉ የተቃጠለ ዘይት ሲገባ ነው። ስተፋ፣ ስተፋ፣ ጺሜ ጠቆረ፣ ጥርሴ ጠቆረ።

«ደግ ነው» አለች ይርገዱ፤ «መጋዙ እንቢ ቢል አንተ ትተፋበታለህ።»

ፊልትሮዋን መለስኩ፣ ንጹሕ ዘይት ሞላሁ፣ ክዳኑን በሁለት እጄ አጠበቅኩት። ምላሱን ገጠምኩ፤ ሰንሰለቱን ይርገዱ አይታ «ልክ ነው» እስክትል ጠብቄ አሰርኩት። አስነሳሁ። ወደ ማዳበሪያው አስጠጋሁት።

ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ። ማዳበሪያው ላይ ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣብ ታየ!

ሰው ጮኸ። እትዬ አንጓች ማለቢያቸውን አነሱ። እኔ በአንድ እጄ ላቤን ጠርጌ፣ ይኸው እንደማለት አያልነህን አየሁት። ዞሬ ስመለከት ነጠብጣቡ ቆሟል። ትንሽ ጠበቅኩ። ሞተሩን አስጮህኩ። ምንም። የቀረው ማዳበሪያ ነጭ ነው።

«ወተቱስ?» አሉ አያ ገድፍ። ድምፁ በጣም ቀርቧል። ቀና ስል አልጋቸውን ትተው በራፉ ላይ ቆመዋል፤ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው መቃኑን ይዘው፣ ብርድ ልብስ ደርበው። «ይግቡ! ብርድ ይመታዎታል!» አሉ እትዬ አንጓች። «አልገባም» አሉ፤ «ከውስጥ ሆኜ ሁሉም ነገር ያመልጠኛል።»

እኔም ራሴ መለስኩላቸው። «አያ ገድፍ፣ ፊልትሮዋ ታጥባም አስቸግራለች። ፊልትሮዋ ካላሳለፈች ፓምፑ አይገፋም፤ ፓምፑ ካልገፋ ምላሱ ዘይት አያገኝም፤ ምላሱ ዘይት ካላገኘ ሰንሰለቱ አይረጥብም፤ ሰንሰለቱ ካልረጠበ መጋዙ አይቆርጥም፤ መጋዙ ካልቆረጠ ግንዱ አይነሳም፤ ግንዱ ካልተነሳ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ጥጃዋ አትወጣም፤ ጥጃዋ ካልወጣች ላሟ አትታለብም፤ ላሟ ካልታለበች እርስዎ...»

«አልጠጣም። አውቄዋለሁ» አሉ።

በዚህ መሃል የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ወደቀ። ነፋስ መጣ። ግንዱ ሲጥ አለ፤ የጣሪያው አንድ ጥግ ተደርምሶ ወደ ውስጥ ገባ። ጥጃዋ ዝም አለች።

ላሟ እንኳ እምቧ ማለት ተወች። እትዬ አንጓች ከግድግዳው ድንጋይ መሃል ባለች ቀዳዳ ጆሯቸውን አስጠግተው «የኔ እናት፣ የኔ እናት» ሲሉ ቆዩ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። አለች። ጥግ ላይ ተሸጉጣለች።

አያልነህ መጥረቢያውን አነሳ። አሁን ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቷል። «ፈንታ፣ ከዚህ በላይ መጠበቅ አንችልም። ቢወድቅም ይውደቅ፤ ልምታው።»

«አንዴ ብቻ» አልኩት። «በእናትህ፣ አንዴ ብቻ ታገሠኝ።»

ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር። ማድረግ የማውቀውን ሁሉ አድርጌ ጨርሻለሁ። ዝም ብዬ ላለመቆም ብቻ የቋቱን ክዳን እንደገና ፈታሁት። ስፈታው ሽው የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ቋቱ አየር ሳበ። እኔ እንደ ሊቅ ራሴን ነቀነቅኩ እንጂ ምንም አልገባኝም። ዘይቱ አለ፣ ምንም አልቀነሰም። ነጎድጓድ ሲያጓራ ደንግጬ ክዳኑን ኪሴ ውስጥ ከተትኩና፣ እንደከተትኩት ረስቼ፣ መጋዙን አስነሳሁ።

ማዳበሪያው ላይ መስመር ወጣ።

ጥቁር፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ መስመር። አይቆምም። ባስጮህኩት ቁጥር ይወፍራል።

«ይኸው!» አልኩ። «ይኸው! ነግሬያችሁ አልነበረም? የሙያ ጉዳይ ነው!»

«ሱሪህ ላይ የሚፈሰው ምንድነው?» አለች ይርገዱ።

ዝቅ ብዬ አየሁ። ከጭኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዘይት በዘይት ሆኛለሁ።

«ክዳኑ የት አለ?»

«ገጥሜዋለሁ።»

«የት ላይ?»

ኪሴን ዳሰስኩ። ያለው እዚያ ነው። በሰው ፊት አውጥቼ ገጠምኩት፤ በልማዴ ጥብቅ አደረግኩት። ማዳበሪያው ላይ የሚፈሰው ዘይት ትንሽ ቆይቶ ቆመ። ፈታሁት፤ ፈሰሰ። ገጠምኩት፤ ቆመ። ሁላችንም ክዳኑን ማየት ጀመርን።

አያ ገድፍ ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀስረው፣ «አንተ ሰውዬ!» አሉኝ። «አፉንም አፍንጫውንም አፍነህ ይዘህ ነው ተፋ የምትለው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ዘይት ከቋቱ እንዲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። ክዳኑ ላይ ለዚሁ የተበሳች መተንፈሻ ቀዳዳ አለች፤ የመርፌ ዓይን የምታህል። በአቧራና በደረቀ ዘይት ተደፍናለች። እኔ ደግሞ ሙሉ ቀን ፈትቼ ባየሁ ቁጥር አየር አስገባለታለሁ፣ መልሼ አጥብቄ አንቀዋለሁ።

አያልነህ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እየሳቀም ዓይኑን ወደ ግንዱ ወረወረና፣ «እንግዲህ እኔ ልቁጠረው» አለ። «ቀዳዳዋ ካልተከፈተች ቋቱ አይተነፍስም፤ ቋቱ ካልተነፈሰ ፊልትሮዋ አታሳልፍም፤ ፊልትሮዋ ካላሳለፈች ፓምፑ አይገፋም፤ ፓምፑ ካልገፋ ምላሱ ዘይት አያገኝም፤ ምላሱ ዘይት ካላገኘ ሰንሰለቱ አይረጥብም፤ ሰንሰለቱ ካልረጠበ መጋዙ አይቆርጥም፤ መጋዙ ካልቆረጠ ግንዱ አይነሳም፤ ግንዱ ካልተነሳ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ጥጃዋ አትወጣም፤ ጥጃዋ ካልወጣች ላሟ አትታለብም፤ ላሟ ካልታለበች...»

«ወሬውን ተዉና ቀዳዳዋን ውጓት!» አሉ አያ ገድፍ።

ይርገዱ ክዳኑን ከእጄ ነጠቀችኝ። እኔን አላመነችኝም። በወስፌዋ ጫፍ ቀዳዳዋን አንዴ ወጋ፣ ጠምዘዝ፣ እፍ አደረገችና መልሳ ሰጠችኝ።

ቀዳዳዋ ተከፈተች። ቋቱ ተነፈሰ። ፊልትሮዋ አሳለፈች። ፓምፑ ገፋ። ምላሱ ዘይት አገኘ። ሰንሰለቱ ረጠበ። መጋዙም ቆረጠ!

ከላይ ጣሪያው ላይ የተኛውን ጫፍ በገመድ አስረው አያልነህና ሌሎች ወጥረው ያዙልኝ። ቀስ ብዬ ከበሩ ወዲያ ቆረጥኩ፤ ቀስ ብዬ ከበሩ ወዲህ ቆረጥኩ። ጭስ የለም፣ ማቃሰት የለም። አንዲት ስህተት ብሠራ ጣሪያው በጥጃዋ ላይ እንደሚወርድ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ደግሞ ከስህተት በቀር የሠራሁት ነገር አልነበረም። የመጨረሻው ክር ሲለቅ ጉማጁ መሬቱን ነካ። ጣሪያው ቆመ። ሰዎቹ ጉማጁን ተረባርበው አንከባለሉት።

ግንዱ ተነሳ፤ በሩ ተከፈተ፤ ጥጃዋም ወጣች። ወጣች ስላችሁ እየተራመደች እንዳይመስላችሁ። እንደ ጥይት ተተኩሳ በእግሮቼ መሃል ስታልፍ እኔ ጭቃው ላይ ተዘረጋሁ። ማንም አላነሳኝም፤ ሰው ሁሉ የሚያየው ላሟን ነው። ላሟ ጥጃዋን ከራሷ እስከ ጭራዋ ላሰቻት። ጥጃዋ ጡቷን በግንባሯ ደጋግማ ገፋች፣ ጠባች፣ አረፋው በአፏ ዙሪያ ሞላ። ጠግባ ስትለቅ እትዬ አንጓች ተንበርክከው የቀረውን ማለብ ጀመሩ። ዝናቡ እየወረደባቸው ነው፤ አልተሰማቸውም።

ላሟ ታለበች። እትዬ አንጓች ትኩሱን ወተት በኩባያ አድርገው፣ በነጠላቸው ከዝናቡ ጋርደው ወደ ቤት ገቡ። ወዲያው ተመልሰው ወጡ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«በራፉ ላይም አልጋው ላይም የሉም! ገድፍ የሉም!»

ሁላችንም ዞርን። አያ ገድፍ ከጥጃ ቤቱ ጎን ጉማጁ ላይ ተቀምጠዋል። ብርድ ልብሳቸውን ደርበው፣ መጋዜን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ክዳኑን እየከፈቱ ይዘጋሉ። እንዴት እዚያ እንደደረሱ ያየ ሰው የለም፤ ሁላችንም ላሟን ነበር የምናየው።

ኩባያውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ጠጡ። ሳያርፉ፣ እስከ ታች ጠጡ። ወተቱ ጺማቸው ላይ ቀረ።

«አንጓች» አሉ።

«አቤት።»

«ቋንጣ ፍርፍር አማረኝ።»

እትዬ አንጓች ያን ሁሉ የሕመም ሰሞን በሰው ፊት አንዲት እንባ ያላፈሰሱት ሴትዮ፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ጉማጁ ላይ ከባላቸው ጎን ተቀመጡና ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። አያልነህ መጥረቢያውን ያስቀመጠበትን ፈልጎ ለማግኘት ድንገት ብዙ ሥራ በዛበት። እኔም ዓይኔ ውስጥ የገባው ቆሻሻ ገና አልወጣም ነበር መሰለኝ።

አያ ገድፍ ሚስታቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው።

«አሁን ምን አስለቀሰሽ? ፍርፍር አማረኝ እንጂ ሞትኩ አላልኩም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው ከጭቃዬ እስከ ዘይቴ አዩኝ። «ፈንታ ብቻ እሳቱ አጠገብ እንዳይደርስ። ዛሬ መብላት እፈልጋለሁ።»

እኔም እሳቱ አጠገብ አልደረስኩም። ፍርፍሩም በሰዓቱ ደረሰ።